ቅድመ ክፍያ ከመላካችን በፊት ይህን አቅራቢ በምን እናረጋግጠው?

አዲስ አስመጪ

ጤና ይስጥልኝ። ከወንድሜ ጋር ሆነን የዘይት መጭመቂያ ማሽን ከቻይና ለማስመጣት እየተሰናዳን ነው። አቅራቢውን ያገኘነው በአሊባባ ሲሆን፣ በሄናን ግዛት ዠንግዡ ከተማ የምገኝ አምራች ነኝ ይላል። የምታነጋግረን የሽያጭ ሠራተኛ ለመልስ አትዘገይም። የፋብሪካውን ቪዲዮ፣ የንግድ ፈቃዱን ቅጂ፣ የአይሶ 9001 (የጥራት አመራር ደረጃ) እና የሲ ኢ (የአውሮፓ ገበያ የደህንነት ምልክት) የምስክር ወረቀቶችን ልካልናለች። ዋጋቸው ከሌሎቹ ሁሉ ያነሰ ቢሆንም «ይህስ አይሆንም» የሚያሰኝ አይደለም።

እንቅልፍ የነሱኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። በድረ ገጹ በኩል እንክፈል ስንላት «ኮሚሽኑ ስለሚበዛ በቀጥታ በባንክ ብትልኩ ቅናሽ እናደርግላችኋለን» አለች። ሌላው፣ በፕሮፎርማው (ከሽያጩ በፊት በላኩልን የዋጋ ሰነድ) አናት ላይ ያለው የኩባንያ ስምና ከግርጌው የባንክ ሒሳቡ ባለቤት ተብሎ የተጻፈው ስም አይገናኙም። ባንኩም ያለው ሆንግ ኮንግ ነው። ምክንያቱን ስጠይቃት «እኅት ኩባንያችን ነው፤ የውጭ ገንዘብ የምንቀበለው በእሱ በኩል ነው» የሚል መልስ ሰጠችኝ። አከፋፈሉ 30 በመቶ ቅድሚያ፣ ቀሪው 70 በመቶ ደግሞ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ነው።

ወንድሜ «ሁሉም የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ስንጠራጠር ዋጋው ይጨምርብናል» ይላል። ሄደን ማየት አሁን አቅማችን አይፈቅድም። ካለንበት ሆነን በራሳችን ልናጣራው የምንችለው ነገር ካለ የምታውቁ ብትነግሩኝ።

ነጋዴው

አቅራቢው አሊባባ ላይ «የወርቅ አባል» የሚል ምልክት ካለው አትጨነቁ። ድረ ገጹ ያላጣራውን ሰው ወርቅ አይለውም። የሆንግ ኮንግ ሒሳብም አዲስ ነገር አይደለም፤ እኔ ራሴ በዚያ መንገድ ከፍዬ ዕቃዬ በሰላም ገብቷል። በንግድ ውስጥ ሁሉን ነገር ከተጠራጠሩ ገበያው ጥሎ ይሄዳል። የወንድምሽን ምክር ስሚ።

ሰነድ መርማሪ

እኅቴ፣ ሥራዬ ባንክ ውስጥ የሌተር ኦፍ ክሬዲት (ኤል ሲ፤ ሻጩ የተባሉትን ሰነዶች ሲያቀርብ ባንክ ሊከፍለው የሚገባው ቃል) ሰነዶችን መመርመር ነው። ቀኑን ሙሉ የማነበው ስም፣ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ስለሆነ ምክሬም ከዚያ አያልፍም። የፋብሪካውን ቪዲዮ ለጊዜው እርሺው፤ ቪዲዮ የማንም ፋብሪካ ሊሆን ይችላል። በንግድ ፈቃዱ፣ በፕሮፎርማው፣ በማኅተሙና በባንክ ሒሳቡ ላይ ያለው ስም የአንድ ድርጅት ነው ወይስ አይደለም? ከሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ይህ ነው። አጭበርባሪ ሾልኮ የሚገባው በእነዚህ ስሞች መካከል ባለው ክፍተት ነው፤ የአንቺ ፕሮፎርማ ደግሞ ክፍተቱን በግልጽ ይዞ መጥቷል።

ከንግድ ፈቃዱ እንነሣ። የቻይና ኩባንያ ሕጋዊ ስም የቻይንኛው ስም ነው። በእንግሊዝኛ የሚጽፉልሽ ስም ለውጭ ደንበኛ እንዲመች ራሳቸው ያወጡት ነው፤ በንግድ ፈቃዱ ላይ አይሰፍርም፤ ነገ ሌላ ቢያወጡም የሚጠይቃቸው የለም። ስለዚህ የቻይንኛውን ስም እንዲልኩልሽ ጠይቂ። ፎቶ አይሁን፤ ቀድተሽ መፈለጊያ ላይ የምትለጥፊው ጽሑፍ ይሁን። ሐቀኛ ሻጭ ይህን ለመላክ ደቂቃ አይፈጅበትም።

ከዚያ በፈቃዱ ላይ ያለውን ባለ 18 ምልክት ቁጥር ተመልከቺ። የተዋሐደ የማኅበራዊ ታማኝነት መለያ ይባላል፤ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ብዙ ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል እንጂ ቁጥሩ ይናገራል። ለንግድ ኩባንያ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች 91 ናቸው። ከሦስተኛው እስከ ስምንተኛው ያሉት ስድስቱ ኩባንያው የተመዘገበበትን አካባቢ ያሳያሉ። ዠንግዡ በ4101፣ ጓንግዡ በ4401፣ ሸንዠን በ4403 ይጀምራሉ፤ የኢዉ ደግሞ 330782 ነው። የመጨረሻው ምልክት ከፊተኞቹ 17 በስሌት የሚገኝ መቆጣጠሪያ ነው። አይ፣ ኦ፣ ኤስ፣ ቪ እና ዜድ የተባሉት የላቲን ፊደላት በዚህ ቁጥር ውስጥ ፈጽሞ አይገቡም። በፎቶ ላይ ቁጥር የሚነካካ ሰው ይህን ስለማያውቅ አንዳንዴ እዚሁ ላይ ይያዛል።

ቁጥሩን ይዘሽ በቻይና መንግሥት የድርጅቶች መረጃ መዝገብ ላይ በነፃ ፈልጊው። ገጹ በቻይንኛ ነው፤ የኮምፒውተር ትርጉም ግን ለዚህ ሥራ ይበቃል። ኩባንያው በሥራ ላይ ነው ወይስ ፈቃዱ ተሰርዟል? የተቋቋመው መቼ ነው? ሕጋዊ ወኪሉ ማን ነው? ግድፈት ያለባቸው ድርጅቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል? ከሁሉ በላይ ግን የሥራ ዘርፉን አንብቢው። በዘርፉ ውስጥ «ማምረት» የሚል ቃል ከሌለና «ሽያጭ»፣ «ጅምላ ንግድ»፣ «ገቢና ወጪ ንግድ» ብቻ ከተዘረዘረ የምታነጋግሪው አምራች ሳይሆን ነጋዴ ነው። ነጋዴ መሆን ነውር አይደለም፤ ከነጋዴ ገዝተው የሚደሰቱ ብዙ ናቸው። ነጋዴ ሆኖ «ፋብሪካ ነኝ» ያለ ሰው ግን በሌላውም ነገር እንዲታመን ምክንያት አይሰጥም። አድራሻውንም እይው። ማሽን ይሠራበታል የተባለው ቦታ የሕንፃ 12ኛ ፎቅ፣ ክፍል 1203 ከሆነ መልሱን አግኝተሻል።

ወደ ባንኩ ልመለስ። የስዊፍት ኮድ (የባንኩ ዓለም አቀፍ መለያ) 8 ወይም 11 ምልክት አለው፤ አምስተኛውና ስድስተኛው የአገር መለያ ናቸው። ለዋናው ቻይና ሲ ኤን፣ ለሆንግ ኮንግ ኤች ኬ ይላል። ነጋዴው እንዳሉት በሆንግ ኮንግ ሒሳብ መቀበል የተለመደ ነው፤ በራሱ ወንጀል አይደለም። ነገር ግን የሆንግ ኮንጉ ድርጅት ሌላ ሕጋዊ ሰው ነው። ውል የተዋዋልሽው ከአንዱ፣ ገንዘብ የሰጠሽው ለሌላው ከሆነ ነገር ሲበላሽ አንዱ «ገንዘብ አልተቀበልኩም»፣ ሌላው «ውል የለኝም» ይልሻል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የሆንግ ኮንግን የኩባንያዎች መዝገብ ከፍተሽ ድርጅቱ መኖሩንና የተቋቋመበትን ቀን አረጋግጪ፤ የዳይሬክተሮቹን ስም የያዘው ሰነድ በአነስተኛ ክፍያ ይገኛል፤ ስሙን ከዋናው ኩባንያ ሕጋዊ ወኪል ጋር አመሳክሪ። ከዚያም ለዚህ ሒሳብ የተከፈለው ገንዘብ ለዚያ ውል እንደ ተከፈለ እንደሚቆጠር ሁለቱም ድርጅቶች ፈርመውና ማኅተም አድርገው በጽሑፍ ይስጡሽ። እኅትማማች ከሆኑ ይህን ለመፈረም ምን ያስቸግራቸዋል? የተቀባዩ ስምና ቁጥር ባይገናኝ ባንክ ያቆምልኛል ብለሽም አትዘናጊ፤ በብዙ አገር ገንዘብ የሚገባው በሒሳብ ቁጥሩ ነው።

ለነጋዴው አንድ ነገር ልበል። «የወርቅ አባል» ማለት በዋናነት የአባልነት ክፍያ የከፈለ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ አሊባባ ራሱ ባደረገው ማጣራት ከ2,300 የሚበልጡ የወርቅ አባላት ገዢዎችን ማጭበርበራቸውን፣ ከራሱ የሽያጭ ሠራተኞችም የተባበሯቸው እንደነበሩ አስታውቋል። በጊዜው የአሊባባ ዶት ኮም ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ዴቪድ ዌይ ሥልጣናቸውን የለቀቁት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል፤ የሆነ ሆኖ ምልክቱን እንደ ዋስትና አልቆጥረውም። ዋስትና የሚባለው ለትእዛዝሽ በድረ ገጹ በኩል ስትከፍዪ የሚኖርሽ ከለላ ነው። በቀጥታ በባንክ ስትልኪ ያ ከለላ የለም። «ቅናሽ እናደርጋለን» ያለችሽ ሴት ዋስትናሽን ነው በርካሽ የገዛችሽ።

የምስክር ወረቀቶቹን በተመለከተ ብዙ አልልም። አይሶ የተባለው ድርጅት ደረጃ ያወጣል እንጂ ለማንም የምስክር ወረቀት አይሰጥም፤ ሰጪው ሌላ አካል ነውና ስሙንና የወረቀቱን ቁጥር ይዘሽ በዚያ አካል ድረ ገጽ ላይ አጣሪው። ሲ ኢ ደግሞ ለአብዛኛው ማሽን አምራቹ ራሱ ኃላፊነት ወስዶ የሚሰጠው መግለጫ ነው። ምንነቱ ካልታወቀ ላቦራቶሪ የመጣ ያሸበረቀ ወረቀት ብዙም አያስደንቅሽ።

አዲስ አስመጪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከወንድሜ ጋር ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ሞከርነው። የፈቃዱ ቁጥር በ914403 ይጀምራል፤ እንደ ነገሩኝ ከሆነ ሸንዠን ነው ማለት ነው። መዝገቡ ላይ ኩባንያው የተቋቋመው ገና አምና ነው፤ እነሱ ግን «የ15 ዓመት ልምድ» ይላሉ። በሥራ ዘርፉ ውስጥ ማምረት የሚል አላገኘንም። የሁለቱን ድርጅቶች ማኅተም ስንጠይቅ «አለቃችን ለሥራ ወጥቷል» አለች። ዛሬ ደግሞ አዲስ ሐሳብ አመጣች፤ 30 በመቶውን ከከፈልን የቢል ኦፍ ሌዲንጉን (የመርከብ ጭነት ሰነዱን) ቅጂ ትልክልናለች፣ 70 በመቶውን የምንከፍለው ያንን አይተን ነው። ይህ አይሻልም? ወንድሜ በዚህ ልቡ ተከፍሏል።

ጭነት አስተላላፊ

ቢል ኦፍ ሌዲንግ የዕለት እንጀራዬ ስለሆነ ጣልቃ ልግባ። የቢል ኦፍ ሌዲንግ ቅጂ በኮምፒውተር ላይ ለመሥራት ከሁሉም ሰነድ ይቀላል። የቆየ እውነተኛ ሰነድ ይወስዱና የተቀባዩን ስም፣ የዕቃውን ዓይነትና ቀኑን ብቻ ይቀይራሉ፤ አርማውም ፊርማውም እውነተኛ ነው።

ቅጂው ሲደርስዎ የኮንቴይነሩን ቁጥር ይፈልጉ። አራት ፊደላትና ሰባት አኃዞች አሉት፤ አራተኛው ፊደል ለጭነት ኮንቴይነር ዩ ነው፤ ሰባተኛው አኃዝ ከፊተኞቹ የሚሰላ መቆጣጠሪያ ነው። ያንን ቁጥርና የቢል ኦፍ ሌዲንጉን ቁጥር የመርከብ ኩባንያው ራሱ ድረ ገጽ ላይ ያስገቡ፤ እነሱ የላኩልዎትን ማገናኛ አይጫኑ። ኮንቴይነሩ በሰነዱ ላይ በተጻፈው ቀን በተጻፈው ወደብ ተጭኗል? መርከቡና የጉዞ ቁጥሩስ ይገጥማሉ? ኮንቴይነሩ በዚያ ቀን በሌላ አህጉር ባዶውን ተቀምጦ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ጥርጣሬው ከባድ ከሆነ የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት አካል የሆነው ዓለም አቀፍ የባሕር ጉዳዮች ቢሮ እንዲህ ዓይነት ሰነድ የማጣራት አገልግሎት አለው።

ሆኖም ሁሉም ቢገጥም የምናውቀው አንድ ኮንቴይነር መጓዙን ነው። ውስጡ ማሽን ይሁን ድንጋይ ቢል ኦፍ ሌዲንጉ አይነግረንም። ብዙ ጊዜ «ላኪው እንዳለው» የሚል ሐረግ በላዩ ላይ አለ፤ የመርከቡ ባለቤት ከፍቶ አላየም ማለት ነው።

ስለዚህ እኔ ደንበኞቼን የምመክረው ኤፍ ኦ ቢ (ሻጩ መርከብ ላይ እስኪጭን ኃላፊ ሆኖ የባሕር ማጓጓዣውን ገዢው በሚይዝበት ውል) እንዲገዙና የጭነት አስተላላፊውን ራሳቸው እንዲመርጡ ነው። በሲ አይ ኤፍ (የማጓጓዣና የመድን ወጪ በሻጩ ዋጋ ውስጥ በሚጠቃለልበት ውል) ማጓጓዣውን የሚያዘው ሻጩ ነው፤ ወረቀቱም የሚመጣው በእሱ እጅ ነው። በኤፍ ኦ ቢ ግን የእርስዎ አስተላላፊ ወኪል ከሻጩ ጋር በቀጥታ ይነጋገራል፤ ኮንቴይነሩ የሚሞላው በየትኛው ግቢ እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ ይጠይቃል። የሌለ ፋብሪካ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም።

ነጋዴው

የወርቁን ጉዳይ አላውቅም ነበር፤ ተቀብያለሁ። ለመሆኑ ከህንድ ለሚያመጣስ? በቅርቡ ከአንድ የጉጃራት ድርጅት ፕሮፎርማ ደርሶኛል።

ሰነድ መርማሪ

የህንዱ ይቀላል፤ መዝገቡ በእንግሊዝኛ ነው። ጂ ኤስ ቲ የሚባለው የግብር ቁጥር 15 ምልክት አለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የክፍለ ግዛቱ መለያ ናቸው፤ ጉጃራት 24፣ ማሃራሽትራ 27 ነው። ቀጥለው ያሉት አሥር ምልክቶች ፓን የተባለው የግብር ከፋይ መለያ ናቸው። ላኪ ከሆነ ደግሞ የአስመጪና ላኪ ኮድ ሊኖረው ይገባል፤ በቅርብ ዓመታት የተሰጠ ከሆነ ያ ኮድ ከፓኑ ጋር አንድ ነው። እንግዲህ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጠው አሥሩን ምልክቶች ያስተያዩ። ከዚያ ቁጥሩን በግብር መሥሪያ ቤቱ ገጽ ላይ ሲያስገቡ የሚወጣው ስም በፕሮፎርማው ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት።

እኅቴ፣ ወዳንቺ ጉዳይ። ለፍትሕ ሲባል አንድ ነገር ልጨምር፤ ኩባንያ ከተማ ቢቀይርም ያ ባለ 18 ምልክት ቁጥር ስለማይለወጥ 4403 መሆኑ ብቻውን ውሸት አያሰኝም። ካላመንሽኝ በመዝገቡ ላይ ያለውን የአሁኑን አድራሻ እይው። ነገር ግን አምና የተቋቋመ፣ ማምረት የማይፈቀድለት፣ ማኅተሙን ለሁለት መስመር ጽሑፍ የሚነፍግ ድርጅት የ15 ዓመት ልምድ አለኝ ሲል ሌላ ማጣሪያ አያስፈልገውም። የቢል ኦፍ ሌዲንግ ቅጂ ሐሳቧም ያው 30 በመቶውን ለመውሰድ ነው። ብዙዎቹ የሚፈልጉት እሱን ብቻ ነው፤ 70 በመቶው ከመጣ ምርቃት ነው።

ሌላ አቅራቢ ስትመርጪ ቀጠሮ ሳትሰጪ በቪዲዮ ደውዪና በበሩ ላይ ካለው የኩባንያ ስም ሰሌዳ ጀምሮ ያለማቋረጥ እየሄዱ እስከ መገጣጠሚያው ድረስ እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። በሰሌዳው ላይ ያለውን የቻይንኛ ጽሑፍ ከፈቃዱ ጋር በዓይንሽ አስተያዪው። ቋንቋውን ማወቅ አይጠበቅብሽም፤ ቅርጹ ይመሳሰላል ወይስ አይመሳሰልም ነው ጉዳዩ።

አዲስ አስመጪ

ያንን አቅራቢ ትተነዋል። ማኅተሙን ሦስተኛ ጊዜ ስጠይቅ መልስ መስጠት አቆመች። አሁን የያዝነው ሌላ አምራች ነው፤ በዋጋ ትንሽ ይበልጣል፤ ቁጥሩ በ914101 ይጀምራል፤ የፈቃዱ፣ የፕሮፎርማውና የሒሳቡ ስም አንድ ነው፤ በቪዲዮም ከሰሌዳው ጀምሮ አሳይተውናል። በኤል ሲ ለመሸጥም ተስማምተዋል። ወንድሜ «ኤል ሲ ከሆነማ ባንኩ ይጠብቀናል» ብሎ ተረጋግቷል። ልረጋጋ?

ሰነድ መርማሪ

ግማሽ በግማሽ ተረጋጊ። ኤል ሲ የሚመራበት ዩ ሲ ፒ 600 የተባለው የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ደንብ በአንቀጽ 5 ላይ ባንኮች የሚሠሩት ከሰነድ ጋር እንጂ ከዕቃ ጋር አይደለም ይላል። ሰነዱ ከተሟላ እከፍላለሁ፤ ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ማየት ሥራዬ አይደለም። ሰነዱ ከቀረበ በኋላ መርምሬ ለመወሰን ያለኝም ቢበዛ አምስት የባንክ የሥራ ቀን ነው።

ስለዚህ ጥበቃሽ ያለው ኤል ሲው ሲከፈት በምታስጽፊው ዝርዝር ውስጥ ነው። ከሚቀርቡት ሰነዶች መካከል የቅድመ ጭነት ፍተሻ ምስክር ወረቀት እንዲኖር አድርጊ። እዚህ ላይ ብዙ አስመጪ ይሳሳታል፤ «የፍተሻ ምስክር ወረቀት» ብሎ ብቻ ያስጽፋል። በዚያው ደንብ አንቀጽ 14 መሠረት ሰጪው ማን እንደሆነና ምን መያዝ እንዳለበት ካልተጻፈ፣ ወረቀቱ የፍተሻ ወረቀት እስከመሰለ ድረስ እኔ ልቀበለው እገደዳለሁ። ሻጩ ራሱ «ፈትሼዋለሁ፤ ጥሩ ነው» ብሎ ቢፈርም እንኳ! ስለዚህ ሰጪውን በስም ጥቀሺ። ኤስ ጂ ኤስ፣ ቢሮ ቬሪታስና ኢንተርቴክ በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው፤ ሌላም አስተማማኝ ካለሽ ይሁን። የምትመርጪው ግን አንቺ ነሽ፤ ስልኩንም ከድርጅቱ ድረ ገጽ እንጂ ከሻጩ አትውሰጂ።

ምን ይያዝ ለሚለው ቢያንስ ይህን አስጽፊ፤ የፕሮፎርማው ቁጥርና ቀን፣ የማሽኑ ሞዴልና ብዛት፣ በእያንዳንዱ ማሽን የብረት ሰሌዳ ላይ ያለው ተከታታይ ቁጥር፣ በሞተሩ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ቮልቴጅና ኪሎዋት፣ እንዲሁም ማሽኑ የዘይት እህል ገብቶበት በፈታሹ ፊት መሥራቱ። ባዶውን ሲሽከረከር ሁሉም ማሽን ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ይህ ታማኝ ሻጭ ላለውም ነው። ከፊል ክፍያ በቀጥታ የምትልኪ ከሆነና በመሐል «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል ቢመጣ ኢሜይሉ ላይ አትመልሺ። ቀድሞ በምታውቂው ስልክ ደውለሽ በድምፅ አረጋግጪ። የላኪውን አድራሻ ፊደል በፊደል አንብቢው፤ አር እና ኤን ጎን ለጎን ሲጻፉ ኤም ይመስላሉ፤ ሌቦች በዚህ ይጠቀማሉ። አንዳንዴም አድራሻው ትክክለኛው ሆኖ የሻጩ ኢሜይል ራሱ ተሰብሮ ሌላ ሰው ገብቶበት ይሆናል።

የኤል ሲ ማመልከቻውን ረቂቅ ባንክ ከማስገባትሽ በፊት ስሙንና ዋጋውን ሸፍነሽ እዚህ ብትለጥፊው፣ የፍተሻውን አንቀጽ አየዋለሁ።